ለአገር ቤት ትልቅ ዲሽ ስታስተክሉ ከሳህኑ በፊት ምሰሶውን

ውጭ ያለን የሰሜን ሸዋ ልጆች ለቤተሰብ ዲሽ ስናስተክል የምንጠይቀው የሳህኑን ስፋትና የሪሲቨሩን ዓይነት ነው። ስለ ጉድጓዱና ስለ ምሰሶው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ክረምት ሲገባ «ሥዕሉ ጠፋ» ተብሎ የሚደወልልን ግን ብዙ ጊዜ ምሰሶው ስለተነቃነቀ ነው።

መጀመሪያ ትልቅ ሳህን ያስፈልግ እንደሆነ እወቁ። ቤተሰቡ የሚፈልገው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ያለውን ኢትዮሳትን ብቻ ከሆነ ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ትርፍ ብር አታውጡ። ባለ 180 እና ባለ 240 ሴንቲ ሜትር የሚያስፈልገው ለሲ ባንድ ነው። ሲ ባንድና ኬዩ ባንድ ሳተላይቶች የሚያሠራጩባቸው ሁለት የሞገድ ዓይነቶች ናቸው፤ ኢትዮሳት በኬዩ ነው። የሲ ባንድ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7.5 ሴንቲ ሜትር፣ የኬዩ ባንዱ ግን ወደ 2.5 ስለሆነ፣ ትንሽ ሳህን ሲ ባንድን ጥርት አድርጎ አይሰበስብም። ኤልኤንቢ (ከሳህኑ ፊት የሚቆመውን የሞገድ መቀበያ) ከአሜሪካ አትላኩ። እዚያ የተለመደው የኬዩ ባንድ ኤልኤንቢ 10750 የሚል ቁጥር ያለበትና ከ11.7 ጊጋኸርትዝ በታች ያለውን የማይቀበል ነው። አገር ቤት የሚያስፈልገው 9750 እና 10600 የሚል ያለበት ዩኒቨርሳል ነው፤ ለሲ ባንድ ደግሞ 5150። እሱን እዚያው ያስገዙት።

ወደ ጉድጓዱ። ጠንካራ መሬት ላይ ለ180 ሳህን 60 በ60፣ ጥልቀቱ 90 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሆኖ ሲቦካ ባለ 50 ኪሎ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል። እነዋሪና ጅሩ ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አጭር መሠረት ከሆነ ምሰሶውን ይዞት ይዘማል። እዚያ 1 ሜትር ከ20 ቆፍሩ፤ ታችኛውን 30 ሴንቲ ሜትር በየጎኑ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር አስፉት። አራት ከረጢት ይፈልጋል። ሙሌቱ ከመሬት በላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያው ቁልቁል ይለሰን፣ የጣራ ውኃም ወደዚያ አይውረድ። ሰባት ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ሳህኑ ከዚያ በፊት አይሰቀልበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ከተሞላ ማታ ማታ በጭድ ወይም በላስቲክ ይሸፈን፤ ብርድ ሲሚንቶን ያዘገየዋል።

ምሰሶው ለ180 ባለ 3 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ የግድግዳው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት የሳህኑን ማቀፊያ አስለኩ። ከታች ሁለት ቁራጭ ባለ 12 ፌሮ በመስቀለኛ ይበየድበት፤ ያለዚያ ነፋስ ቱቦውን ሲሚንቶው ውስጥ ያዞረዋል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 180 ሳህንን ፊት ለፊት ሲመታ ግፊቱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ክብደት ይሆናል፤ በ240 ወደ እጥፍ ይጠጋል። መንዝንና ጣርማ በርን የሚያውቅ ይህ ነፋስ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ስለዚህ ከመሬት በላይ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል፣ ዙሪያውም ይታጠር፤ ከብት ይታከክበታል። ጭቃ ቤት ላይ ፈጽሞ አይሰቀል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ምሰሶው በሁለት አቅጣጫ በቱምቢ ወይም በውኃ ልክ ይታይ።

የሳህኑ ቅጠሎች ለጥ ያለ መሬት ላይ ይገጠሙ። ቡሎኖቹ ሁሉ ገብተው ሳያልቁ ዳዶ አይጥበቅ። ከዚያ ሁለት ሲባጎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመስቀለኛ ወጥረው ይዩ፦ መሐል ላይ ከተነካኩ ሳህኑ ቀጥ ብሏል፤ ክፍተት ካለ ተጣሟል፣ ፈትቶ መግጠም ነው። ኤልኤንቢው የሚቀመጥበትን ርቀት ለማግኘት የሳህኑን ስፋት በራሱ አባዝታችሁ ለ16 እጥፍ ጥልቀቱ አካፍሉ። 180 ስፋትና 28 ጥልቀት ቢሆን 72 ሴንቲ ሜትር ይወጣል።

ከደብረ ብርሃን 57 ዲግሪ ምሥራቅ የሚገኘው በኮምፓስ 118 አካባቢ፣ ከፍታው 67 ዲግሪ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከምትወጣበት ጥቂት ወደ ደቡብ ማለት ነው። ኮምፓስ ሲነበብ ከብረቱ ራቅ ይባል። በኬዩ ባንድ የ180 ሳህን ጠርዝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲዞር ሥዕሉ ይጠፋል፤ በዝግታ አዙሩ፣ ሪሲቨሩ ላይ የምታዩትም «ኳሊቲ» የሚለውን መስመር እንጂ «ስትሬንግዝ»ን አይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚያልፈው ነገር አለ። ይህን ያህል ወደ ላይ የተጋደመ ክብ ሳህን በመሐሉ ቀዳዳ ብቻ አይደርቅም፤ ዝቅተኛው ቦታ ከመሐሉ ወደ ታች 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳና ዙሪያው ቀለም ይቀባ። አለበለዚያ ዝናብና በረዶ ይጠራቀምበታል።

የባሕር ዛፉን ነገር አትርሱ። 10 ሜትር ዛፍ ኢትዮሳትን የሚጋርደው ከ4 ሜትር ሲቀርብ ነው፤ ናይልሳት ግን ሰማይ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ወደ እሱ የዞረውን 14 ሜትር ርቆም ይጋርደዋል።

ኬብሉ እምብርቱ መዳብ የሆነ አርጂ 6 ይሁን። ብረት መዳብ የተቀባ ከሆነ ሪሲቨሩ ለሆሪዞንታል (በአግድም ሞገድ ለሚመጡ) ቻናሎች ወደ ኤልኤንቢው የሚልከው 18 ቮልት በረጅም መስመር ላይ ይወርድና እነሱ ብቻ ይጠፋሉ። ኮኔክተሩ አፉ ወደ መሬት ዞሮ በናስትሮ ይጠቅለል። ምሰሶው መሬት ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር በሽቦ ይያያዝ (ኧርዝ ይደረግ)፤ መብረቅ ከመቅረቡ በፊት ግን ኬብሉን ከሪሲቨሩ መንቀል የበለጠ ያድናል። አንዴ ነጎድጓዱ ከላይ ከሆነ አይነካ።

በመጋቢት መጀመሪያና በመስከረም አጋማሽ ጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ለደቂቃዎች ሥዕሉ ይቆራረጣል። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምታልፍ ነው። እናታችሁ ደውለው ቢነግሯችሁ ዲሹን ማንም እንዳይነካው በሉ፤ ሲያልፍ ራሱ ይመለሳል።