የማሽን ሾፕ ድሮዊንግ አነባበብ፦ አንድ ሻፍት (የሚሽከረከር ዘንግ) ይዘን

ድሮዊንግ (የሥራ ስዕል) ሲቀርብለት የጀማሪ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ስዕሉ ላይ ነው። ቀድሞ መነበብ ያለበት ግን በስተቀኝ ከታች ጥግ ያለው ሠንጠረዥ ነው። የብረቱ ዓይነት፣ ልኩ በሚሊሜትር ይሁን በኢንች፣ ስኬሉ፣ ድሮዊንጉ ለስንተኛ ጊዜ እንደተሻሻለ የሚናገረው ፊደል፣ ሁሉም እዚያ አለ። አጠቃላይ ቶለራንሱም፣ ማለትም ከልኩ ማለፍ ወይም ማነስ የሚፈቀደው መጠን፣ እዚያው ይጻፋል። ከአንድ ልክ አጠገብ ቶለራንስ ስላልተጻፈ እንደፈለጉ መቁረጥ አይቻልም። ሠንጠረዡ «አይኤስኦ 2768 ኤም» ካለ ከ6 በላይ እስከ 30 ሚሊሜትር ላለ ልክ ±0.2፣ እስከ 120 ድረስ ±0.3፣ እስከ 400 ድረስ ±0.5 ተፈቅዷል ማለት ነው።

ከሠንጠረዡ ውስጥ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው እይታዎቹ የትኛው የት እንደተሳለ የሚናገረው የፕሮጀክሽን ምልክቱ ነው፤ ጫፉ የተቆረጠ ኮንና ሁለት ክቦች። ኮኑ በግራ፣ ክቦቹ በቀኝ ከሆኑ ፈርስት አንግል ነው፤ ከላይ የታየው ከፊት እይታው ሥር፣ ከግራ የታየው ደግሞ በቀኝ በኩል ይሳላል። ክቦቹ በግራ ከሆኑ ሰርድ አንግል ነው፤ ከላይ የታየው ከላይ፣ ከቀኝ የታየው በቀኝ ይቀመጣል። የጀርመን፣ የጣሊያንና የቻይና ድሮዊንጎች በአብዛኛው የመጀመሪያውን፣ የአሜሪካና የጃፓን ሁለተኛውን ይከተላሉ። እኛ አገር ያለ ወርክሾፕ ከእነዚህ ሁሉ አገሮች ለመጡ ማሽኖች መለዋወጫ ስለሚሠራ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሊገቡለት ይችላሉ። የተምታታበት ሰው ልኩን ሁሉ በትክክል ጠብቆ ቀዳዳውን በተቃራኒው ፊት ላይ ያወጣዋል። ያን ብረት ደግሞ የሚያድነው ነገር የለም።

የመስመሮቹ ነገር ቶሎ ይለመዳል። ወፍራሙ የሚታይ ጠርዝ፣ የተቆራረጠው የተደበቀ ጠርዝ፣ ረጅምና አጭር እየተፈራረቀ የሚሄደው ስስ መስመር የመሃል መስመር ነው። በሴክሽን (ውስጡ እንዲታይ ተቆርጦ በተሳለ እይታ) ላይ የተቆረጠው ብረት በሰያፍ መስመር ይሞላል፤ ሻፍትና ቡሎን ግን በቁመታቸው ቢቆረጡም ሳይሞሉ ይተዋሉ።

አሁን ወደ ሻፍቱ። 6206 ኩሽኔታ የሚገባበት ቦታ ላይ «30 ኬ6» ተጽፏል እንበል፤ 30 ዲያሜትሩ ነው፣ ፊደሉና ቁጥሩ ቶለራንሱን ይናገራሉ። ዲያሜትሩ ከ30.002 እስከ 30.015 መሆን አለበት፤ የተፈቀደው ክልል 13 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ብቻ ነው። ይህ በካሊፐር የሚለካ አይደለም፣ ማይክሮሜትር ይፈልጋል። ሙቀትም እዚህ ላይ ይፈርዳል፤ ልኮች ሁሉ የሚጻፉት ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከቶርኖ ላይ በ60 ዲግሪ የተለካ 30 ሚሊሜትር ብረት ሲቀዘቅዝ ወደ 14 ማይክሮን ይቀንሳል። ስለዚህ ትኩስ እያለ 30.015 ያነበባችሁት ሲበርድ 30.001 ይሆንና ከልኩ ይወጣል። ኩሽኔታው በሻፍቱ ላይ መሽከርከር ሊጀምር፣ ቦታውንም ሊበላው ይችላል።

ኩሽኔታው የሚደገፍበት ትከሻ ሥር «አር 0.6» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ይኖራል፤ የጥጉ ክብነት ራዲየስ ነው። ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከዋናው ዲያሜትር እኩል አየዋለሁ። ጥጉ ከዚያ ከሰፋ የኩሽኔታው ጠርዝ ትከሻው ላይ ሳይደርስ ጥጉ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በሹል ቢላ ያለ ክብነት ከተቆረጠ ደግሞ ሻፍቱ ሥራ ላይ ሲውል ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ፑሊው የሚገባበት ጫፍ «28 ኤች6» ነው፤ ኤቿ ትንሿ (h) ስለሆነች የሻፍት ልክ ናት፣ ከ27.987 እስከ 28.000። ትልቋ ኤች (H) ለቀዳዳ ናት። የኪዌዩ (ፑሊውን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ኪ የሚገባበት ቦይ) ስፋት 8፣ ጥልቀቱ 4 ሆኖ ሳለ ድሮዊንጉ ላይ 24 ተጽፎ ታገኛላችሁ። ልኩ ከኪዌዩ ወለል እስከ ሻፍቱ ተቃራኒ ጎን ድረስ የተወሰደ ነው፤ ኪዌዩ አንዴ ከተቆረጠ የላይኛው ጠርዝ ስለማይኖር በካሊፐር የሚያዘው ይኸው ነው። ስፋቱ «8 ኤን9» ከተባለ ከ7.964 እስከ 8.000 ነው። ፍሬዛው ላይ የታሰረው ባለ 8 መቁረጫ ትንሽ እየተወዛወዘ ከዞረ 8.05 ያወጣል፤ ኪዩም ይላላል።

ከዚያው ጫፍ ወደ ላይ የሚሄዱ ሁለት ሰያፍ ቀስቶች፣ 0.02 እና «ኤ-ቢ» ያሉበት ሣጥን ይኖራል። ሻፍቱ በሁለቱ የኩሽኔታ ቦታዎች፣ በኤ እና በቢ ላይ ተደግፎ ሲዞር የፑሊው ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚነዳው ዳያል ኢንዲኬተር ንባቡ በጠቅላላ ከ0.02 በላይ መለዋወጥ የለበትም ማለት ነው። ሣጥኑ የአሠራር ቅደም ተከተሉንም ይወስናል። ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ ላይ አንዱን ጫፍ ሠርቶ ገልብጦ ሌላውን የሚሠራ ሰው 0.02ን ማመን አይችልም። ሦስቱም ቦታዎች በሁለት ሴንተር (ሻፍቱን በሁለቱ ጫፎቹ በሚይዙ ሹል መደገፊያዎች) መሃል፣ ሳይፈቱ ማለቅ አለባቸው።

የርዝመት ልኮች ከአንድ ፊት ተነስተው እንደሆነ ወይም አንዱ ከሌላው እየተቀጠለ እንደሆነ እዩ። 60 ሚሊሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች እየተቀጠሉ በ±0.3 ሲለኩ መጨረሻው ±1.2 ሊደርስ ይችላል፤ 240 በአንድ ጊዜ ቢለካ ግን የተፈቀደው ±0.5 ነው። የተጻፈው እንደተጻፈ ይሠራል፤ ከራሳችሁ ደምራችሁ አዲስ ልክ አትፍጠሩ።

ጫፉ ላይ ያለው የቡሎን ቀዳዳ «ኤም10» ብቻ ከተባለ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው፣ በ8.5 ይበሳል። «ኤም10×1.25» ከሆነ በ8.8። ሁለት ጥልቀት ይሰጣል፤ 20 ጥርስ፣ 25 ቀዳዳ። የታፑ (የጥርስ ማውጫው) ጫፍ ሙሉ ጥርስ ስለማያወጣና ፍቅፋቂውም ቦታ ስለሚፈልግ ነው 5 የተጨመረው። 20 ብቻ በስቶ 20 ጥርስ ለማውጣት የሚታገል ሰው ታፑን ውስጥ ይሰብረዋል።

የጎደለ ልክ ካገኛችሁ በማስመሪያ ወረቀቱን አትለኩ፤ ፎቶ ኮፒም ፕሪንተርም ስኬሉን ይቀይራሉ። ድሮዊንጉን ያወጣውን ሰው ጠይቁ፣ መልሱን ድሮዊንጉ ላይ ከቀንና ከፊርማ ጋር ጻፉት። አዲስ ማሻሻያ ሲመጣም አሮጌውን ቅጂ ከማሽኑ አጠገብ አንሱት።