የዕድሩ ደንብ የት ገባ?

ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ሱቅ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሱቄን መዝጊያ ስከፍት ብረቱ ጣት ይቆርጣል። ገብቼ ማውሱን ስይዝ ደግሞ በረዶ የጨበጥኩ ይመስለኛል። የኪቦርድ አቋራጮችን የተማርኩት ለዚህ ነው። ቀኝ እጄ ከጋቢ ውስጥ እንዳይወጣ። ኮንትሮል፣ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ ሁሉም በግራ በኩል ታች ተደርድረዋል። ግራ እጅ ብቻውን ስንት ሥራ እንደሚሠራ ብታዩ ትገረማላችሁ።

ሥራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት ጥሪ ይመጣል። ሰው አጽፎ፣ ከፍሎ ይሄዳል። ፋይሉ እኔ ጋ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ «ያቺን ወረቀት አውጪልኝ» ይላል።

እንዲህ ብለው ከመጡት አንዱ የመንዝ ሰው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ከመሐል ሜዳ በጠዋት ተነሥተው መጡ። የዕድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ እኔ ጋ አጽፈው ነበር። ወረቀቱን አይጥ በላው። «ልጄ፣ አንድ ቅጂ ብቻ አውጪልኝና ልመለስ» አሉኝ። ቀላል ነው ብዬ አስቀመጥኳቸው።

መፈለጊያው ላይ «ዕድር» ብዬ ጻፍኩ። የለም። «የዕድር ደንብ» አልኩ። የለም። «ሚካኤል» ስል ሃያ ሚካኤል መጣ፣ ሁሉም የሠርግ ጥሪ። አንዱን ከፍቼ ስዘጋ፣ ሌላውን ከፍቼ ስዘጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። አባባ በየመሐሉ «አገኘሽው?» ይላሉ። እኔ «አሁን፣ አሁን» እላለሁ። በመጨረሻ የመሐል ሜዳ መኪና አመለጣቸው። ምን አደርጋለሁ? ወደ እናቴ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። እናቴም ትውልዷ መንዝ ስለሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ዘመድ ሲቆጥሩ አመሹ። እኔ ሱቅ ተመልሼ ፍለጋዬን ቀጠልኩ።

ፋይሉን ያገኘሁት ማታ 4 ሰዓት ላይ ነው። ስሙ «እድር ደምብ የመጨረሻ 2» ይላል። ያስቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሥራ ሲበዛብኝ ያግዘኛል። እኔ በዐይኑ «ዕ» እፈልጋለሁ፣ እሱ በአልፋው «እ» ጽፎታል። እኔ «ደንብ» እላለሁ፣ እሱ «ደምብ»። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ ፊደላት ዝምድና የላቸውም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንደዚያው። «ጸጋዬ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ፀጋዬ» አይመጣላችሁም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ያስተማረኝ የአባባ መኪና ማምለጥ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሁለት ነገር ወሰንኩ። አንደኛ፣ ሲፈለግ ከቃሉ ውስጥ የማያከራክረውን ቁራጭ ብቻ እጽፋለሁ። ለምሳሌ «*ድር*»፤ ኮከቧ የማንኛውም ፊደል ምትክ ናት። ውጤቱ ይበዛል፣ ግን የምፈልገው ከውስጡ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ የሱቁን ፋይል ስም በሙሉ እንደገና ለማውጣት ተነሣሁ። አቋራጭ የሚባለው ነገር እውነተኛ ጥቅሙ የገባኝ ያኔ ነው።

ስም ለመቀየር በማውስ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ሪኔም ፍለጋ የሚሄድ ሰው ሳይ ያመኛል። ፋይሉን ምረጡና ኤፍ 2ን ተጫኑ። አለቀ። የበለጠ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። አዲሱን ስም ጽፋችሁ ኤንተር በመጫን ፈንታ ታብን ብትጫኑ፣ ራሱ ወደሚቀጥለው ፋይል ዘልሎ ስሙን ለመቀየር ይከፍትላችኋል። ጻፍ፣ ታብ። ጻፍ፣ ታብ። ልክ እንደ ጥጥ ፈተላ እጅ ይለምደዋል። ሁለት መቶ የሚሆን ፋይል በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስኩ፣ ማውሱን ሳልነካ። የሠርግ ፎቶዎች ከሆኑ ደግሞ ሁሉንም በኮንትሮል ኤ መርጦ ኤፍ 2 ተጭኖ አንድ ስም መስጠት ይቻላል። ቁጥሩን 1፣ 2፣ 3 እያለ ራሱ ይጨምርበታል።

ስሙን ዓመተ ምሕረት አስቀድሜ እጽፋለሁ። 2016-05 ማለት ጥር 2016 ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚመዘግበው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ደንበኛ «ባለፈው ጥር» ሲለኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ሒሳብ መሥራት ሰለቸኝ። ጳጉሜን 13 ብዬ ስጽፍ ደግሞ በተራው ከነሐሴ ቀጥሎ ቁጭ ይላል። እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አስቸግሮኛል። የደብዳቤ ቁጥር እንደምታውቁት በእዝባር (/) የተሞላ ነው። ሰዎች «በቁጥሩ አስቀምጪው» ይላሉ። ዊንዶውስ እዝባርን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። እዝባር ፎልደርን ከፎልደር መለያ ስለሆነ ነው። ከሱ ጋር ጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ ሁለት ነጥብ እና ሌሎችም አሉ፣ በድምሩ ዘጠኝ ምልክቶች ክልክል ናቸው። እኔ በእዝባሩ ቦታ ሰረዝ አደርጋለሁ። በነገራችን ላይ የአማርኛው ሁለት ነጥብ ያልፋል። ክልክሉ የእንግሊዝኛው ነው።

ቀሪውን በፍጥነት ልንገራችሁ። የዊንዶውስ ቁልፍን ይዞ ኢ ሲጫኑ የፋይሎቹ መስኮት ይከፈታል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን አዲስ ፎልደር ይፈጥራል። ኦልትና ወደ ላይ ቀስት ካላችሁበት ፎልደር ወደያዘው ፎልደር ያወጣል። ኦልትና ፒ በጎን በኩል የፋይሉን ይዘት ያሳያል፣ ሳይከፍቱ። ይህችን የመጨረሻዋን ያን ዕለት ባውቃት ኖሮ ሃያውን ሚካኤል እየከፈትኩ አልዘጋም ነበር።

ኮንትሮል ሲና ቪን የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለውን ቆርጦና ቀድቶ መለጠፍ ካበጁት ሰዎች አንዱ ላሪ ቴስለር የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዐረፈ። ዜናውን ያነበብኩት እዚሁ ወንበር ላይ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደምለጥፍ አሰብኩና ነፍስ ይማር አልኩ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ። ዲሊት ስትጫኑ ፋይሉ ሪሳይክል ቢን፣ ማለትም የተሰረዘ የሚጠራቀምበት ቅርጫት ይገባል። ተሳስታችሁ ከሆነ ኮንትሮል ዜድ ይመልሰዋል። ኮንትሮል ዜድ ጽሑፍ ላይ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ፎልደር ውስጥም ይሠራል። የሰረዛችሁትን፣ ስሙን የቀየራችሁትን፣ ወደ ሌላ ቦታ የወሰዳችሁትን ይመልሳል። ሺፍትና ዲሊት ግን ሌላ ነገር ነው። ቢን የለ፣ ዜድ የለ። ወንድሜን ያንን ቁልፍ እንዳይነካ አስምየዋለሁ።

ፍላሽ ላይ ደግሞ ተራ ዲሊትም ያው ነው፣ ቢን አይገባም። ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን አምጥታ ፕሪንት ሳደርግላት፣ ፍላሹ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ፋይል አየሁና አንዱን «ላጽዳልሽ» ብዬ ሰረዝኩ። የሰረዝኩት የታረመውን ነው። ኮንትሮል ዜድ ብል ዝም። ልጅቷ ከንፈሯ ሲደርቅ ይታየኛል። ደግነቱ ፕሪንት ከማድረጌ በፊት ሁሉንም ዴስክቶፕ ላይ ገልብጬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ፍላሽ ላይ ምንም አላጸዳም። ቆሻሻም ቢሆን የሷ ቆሻሻ ነው።

ለዚህ ነው ወደ ፍላሽም ሆነ ከፍላሽ ስወስድ ኮንትሮል ኤክስን፣ ቆርጦ ማንሻውን፣ የማልጠቀመው። መብራት በመሐል ቢሄድስ? እገለብጣለሁ፣ ተገልብጦ መድረሱን ከፍቼ አያለሁ፣ ከዚያ የድሮው ይሰረዛል። በማውስ እየጎተቱ ለሚሠሩም አንድ ነገር ልበል። በአንድ ድራይቭ (ሲ፣ ዲ ወይም ፍላሹ) ውስጥ ከጎተታችሁ ፋይሉ ቦታ ይቀይራል፣ ወደ ሌላ ድራይቭ ከጎተታችሁ ግን ይገለበጣል። ሰው «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ጎትቶ ጎረቤት ፎልደር ውስጥ ከቶት ነው። ኮንትሮልን ይዞ መጎተት ሁልጊዜ ይገለብጣል።

ታዲያ ለደንበኞቼ ይህን ሁሉ ሳስረዳ «ሾርትከት» የሚለውን ቃል መጠቀም ትቻለሁ። ይደነግጣሉ። እኛ አገር ሾርትከት ማለት ቫይረሱ ነው። ፍላሽ ውስጥ ገብቶ ፎልደሮቹን ይደብቅና በነሱ ስም የሐሰት ምልክት ያስቀምጣል። ሰው ፋይሌ ተበላ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያስደርጋል። ብዙ ጊዜ ፋይሉ እዚያው ተደብቆ አለ። ምልክቱን ሁለቴ አለመጫን፣ የተደበቁትን አሳይ የሚለውን መክፈት፣ የራስን ፋይል ማውጣት፣ ከዚያ ፍላሹን ማጽዳት። አቋራጭ እላለሁ እኔ፣ ሰላም ነው።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ አባባ ተመልሰው መጡ። ቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለው ቅጣት ከ20 ብር ወደ 50 ብር ከፍ ይበል ተብሎ ተወስኗል። በርኖሳቸውን አውልቀው ሳይቀመጡ ፋይሉ ስክሪኑ ላይ ነበር። ቁጥሯን ቀየርኩ፣ ሦስት ቅጂ አወጣሁ። ገና 4 ሰዓት ከረፋዱ ነው። መኪናው እስኪሞላ ብዙ ጊዜ አለ።

«ደረሰልዎት፣ አባባ» አልኳቸው።

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። «እናትሽ ቤት አለች?» አሉኝ። «ያን ጊዜ የቆጠርነው ዘመድ አንድ ቤት ይጎድለዋል።»