27ኛው ዳይቭ፦ ኤላት ላይ ስለ ፀሐይ የተማርኩት

ትናንት 27ኛውን ዳይቭ፣ ማለትም የአየር ታንክ ተሸክሜ ባሕር ውስጥ የጠለቅኩበትን 27ኛ ጊዜ፣ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ። ገጾቹን ወደ ኋላ ሳገላብጥ አንድ ነገር አስተዋልኩ። መጀመሪያ አካባቢ የጻፍኩት ስለ አየር፣ ስለ ክብደትና ስለ ጥልቀት ብቻ ነው። ስለ ፀሐይ አንድም ቃል የለም። ለዚህ ዋጋ ከፍያለሁ። ገና ለጀመራችሁ፣ በተለይ እንደኔ ሹሩባ ለምትሠሩ እህቶች፣ ያለፍኩበትን ላካፍላችሁ።

የምጠልቀው በደቡብ እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤላት ነው። ከቤርሼባ በመኪና እንወርዳለን። ውሃው የካቲት ላይ እንኳን 21 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ነሐሴ ላይ ወደ 27 ይጠጋል። አየሩ ግን በሐምሌና በነሐሴ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ኤላት ብዙ ጊዜ የሚጠለቀው ከዳርቻ ነው። ታንኩን ተሸክመህ በእግርህ ትገባለህ፣ በእግርህ ትወጣለህ።

3ኛውና 4ኛው ዳይቭ ግንቦት ላይ ነበሩ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት አልተቀባሁም። እማዬ ሁሌ «እኛን ፀሐይ ምን ያደርገናል? ጎንደር ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ አልነበርንም እንዴ?» ትላለች። እኔም አምኜ ነበር። ማታ ሻወር ስገባ ትከሻዬና አንገቴ እንደ እሳት አቃጠሉኝ። ቆዳዬ አልቀላም። ግን ይግላል፣ ይወጠራል፣ ሲነካ ያማል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቃጠሎ እንዲህ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ያልፋል። ከሁሉ የባሰው ራሴ ነበር። በሹሩባዬ መስመሮች መካከል ያለው ቆዳ ተቃጥሎ ትራስ ላይ ጭንቅላቴን ማሳረፍ አቃተኝ። ከአራት ቀን በኋላ ተላጠ። ግንባሬ ላይ የወጣው ጥቁር ምልክት ደግሞ ለወራት አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ የዚያን ቀን ሰዓት ደመርኩት። ውሃ ውስጥ የቆየሁት ሁለቱ ዳይቮች ተደምረው 85 ደቂቃ ነው። ዕቃ ስንገጣጥም፣ አስተማሪያችን ሲያስረዳን፣ በሁለቱ ዳይቮች መካከል ስናርፍ፣ ዕቃ ስናጥብ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ነበርኩ። የተቃጠልኩት እዚያ ነው። ዌትሱቱን (ውሃ ውስጥ የሚያሞቀውን የጎማ ልብስ) እስከ ወገቤ አውርጄ ተቀምጬ፣ ነፋሱ እያቀዘቀዘኝ።

ውሃውም ቢሆን ከለላ አይደለም። ቆዳን የሚያቃጥለው፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በጠራ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሜትሮች ዘልቆ ይገባል። በ1994 እ.ኤ.አ. ሆን ተብሎ ወደ ሰመጠው የሚሳኤል ጀልባ፣ ሳቲል የሚሉት፣ ስንወርድ ከ20 ሜትር በላይ ጠልቀን ስለምንገባ ፀሐዩ አያሰጋም። ስንመለስ ግን ለደኅንነት 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ እንቆማለን፤ ከዚያም ፊታችንን ውሃ ውስጥ ደፍተን እስከ ዳርቻው በላይ በላዩ እንዋኛለን። ያኔ ማጅራትና የእጅ ጀርባ ለፀሐይ የተሰጡ ናቸው።

6ኛው ዳይቭ ላይ ቅባት ተቀባሁ። አቀባቤ ግን ስህተት ነበር። ልንገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረን ግንባሬን ሁሉ ለቀለቅኩት፤ በዚያው ጣቴ የማስኩን መስታወት ነካሁ። 8 ሜትር ላይ ማስኩ ጭጋግ ሆነ፣ ቅባቱም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም። የጓደኛዬን ክንድ ይዤ ቀስ ብለን ወጣን። በጣም ፈርቼ ነበር። አሁን ከመግባቴ 20 ደቂቃ በፊት እቀባለሁ፤ ጣቴን በሳሙና እታጠባለሁ፤ ማስኩ የሚያርፍበትን ቦታ እጠርጋለሁ። ለፊቴ ደረቅ፣ በስቲክ መልክ ያለውን እመርጣለሁ፤ እሱ ብዙም አይፈስም።

ስለ ዓይነቱ ብዙ ሞከርኩ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ዓይኔን አያቃጥለኝም፤ ግን ፊቴን አመድ ያስመስለዋል። መፍትሔ የሆነኝ ቀለም ያለው፣ ብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት ነው። ከቆዳዬ ጋር ይስማማል። በዚያ ላይ ብረት ኦክሳይድ በዓይን የሚታየውን ብርሃንም ይቀንሳል። ማድያት ያለባችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ጨረር ከልካይ ኬሚካሎች ያሉበትን ደግሞ ትቻለሁ። ሃዋይ ለኮራሎቿ (ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ለሚገነቡ ጥቃቅን እንስሳት) ስትል እነዚህ ያሉበት ቅባት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጥ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። ለኮራል ትልቁ አደጋ የባሕሩ መሞቅ መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በምወደው ነገር ላይ በገዛ እጄ መርዝ ልጨምር አልፈልግም።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ቅባት ሳይሆን ልብስ ነው። ሙሉ ሰውነት በደንብ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ተቀብተህ ያልቃል፤ ቅባቱ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መታደስ አለበት። ዩፒኤፍ 50 (የልብስ ጨረር የመከላከል መለኪያ) የሚል እጀ ረጅም ራሽ ጋርድ፣ ማለትም ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ስስ የዋና ልብስ፣ ግን ከጨረሩ ሁለት በመቶ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ታጥቦም አይለቅም። አሁን ቅባት የምቀባው ፊቴን፣ ጆሮዬን፣ ማጅራቴን፣ የእጄን ጀርባና የእግሬን ጀርባ ብቻ ነው። የእግር ጀርባን ሁሉም ሰው ይረሳዋል።

በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ሻሽ አስራለሁ፣ ነጠላ እከናነባለሁ። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ ጎንደርስ እንዲያው በባዶ ራሳችን የወጣን መሰለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እነሱ ፀሐይን የቻሉት ተሸፋፍነው ነው። እኔ የሰማሁት እርሻውን ብቻ ነበር፤ ሻሹንና ነጠላውን አልሰማሁም።

ውሃ መጠጣትም መዝገቤ ውስጥ ገብቷል። ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ የሰውነትህ ውሃ ካለቀ ለዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ከጥልቀት ሲወጣ ሰውነት ውስጥ የጋዝ አረፋ ፈጥሮ ለሚያመው ሕመም፣ ይበልጥ ልትጋለጥ ትችላለህ። በሁለቱ ዳይቮች መካከል አንድ ሊትር ያህል እጠጣለሁ። የወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን እየዋጣችሁ ወደ ሞቃት ባሕር የምትሄዱ ካላችሁም ተጠንቀቁ፤ መድኃኒቱ ቆዳን በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ገና ያልፈታሁት የጭንቅላቴን ጉዳይ ነው። ባለ ኮፍያ ስስ ራሽ ጋርድ ሞከርኩ፤ ሹሩባው ሲያብጥበት የማስኩ ማሰሪያ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ለ28ኛው ዳይቭ ሹሩባውን ወደ ታች ዝቅ አድርጌ፣ ቀጠን አድርጌ ልሠራው ነው። ከእናንተ መካከል ማሰሪያው የማይንሸራተትበት ኮፍያ ያገኘች ካለች ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።