አምስት ሊትር ውሃ

በግንባታ ሥራ ላይ ካሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ውሃ ያከራከረኝ ነገር የለም። አርማታው ወፍሮ በፌሮዎቹ መካከል አልወርድ ሲል አንዱ ባልዲ ያነሣና «ትንሽ እናቅጥነው» ይላል፤ እኔም እከለክላለሁ። «የግንባታ ደረጃው አይፈቅድም» የሚለው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልሴ እውነት ቢሆንም ማንንም አላሳመነም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አላሳመነኝም ነበር።

ምክንያቱን ያገኘሁት ደረጃው ከተመሠረተበት ምርምር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ደፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት፣ በሚገባ የተጠቀጠቀ አርማታ ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው በውሃውና በሲሚንቶው ምጣኔ መሆኑን አሳየ። ሲሚንቶ በኬሚካዊ ውህደት የሚያስረው ውሃ የራሱን ክብደት ሩብ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለሥራ እንዲመች ተብሎ የሚበዛው ውሃ ሲተን ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ትቶ ይሄዳል። ለባለ 50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ከታዘዘ ምጣኔው 0.5 ነው፤ አምስት ሊትር ሲጨመርበት 0.6 ይሆናል። ጉዳቱ በዓይን አይታይም። የሚታወቀው በ28ኛው ቀን ናሙናው በመጭመቂያ ማሽን ሲሰበር ነው፤ እስከዚያ ግን በላዩ ሌላ ወለል ተሞልቶበት ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ቁጥር ግን እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ሕግ የለውም። የአርማታን ቅጥነት የምንለካበት 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ ቆርቆሮ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። መቁጠር ሰልችቶት 15 ላይ የሚያቆም አይቻለሁ። በ25 ውስጥ የተደበቀ ምሥጢር የለም፤ ሁሉም ሰው እኩል ካልወጋ ግን የዛሬውን ልኬት ከትናንቱ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ሌሎቹ ድንጋጌዎች ደግሞ ከፍርስራሽ የተገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በካሊፎርኒያ የሳን ፈርናንዶ የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ አዲስ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጥቅጥቅ ባለ ጥምዝ ብረት የተጠመጠሙት ምሰሶዎች ቢጣመሙም ጭነታቸውን ተሸክመው ሲቆዩ፣ በተራራቁ ስታፋዎች (ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን በሚያስሩ የታጠፉ ብረቶች) የታሰሩት ተፈረካከሱ። ስታፋ በምሰሶ ውስጥ እንዲቀራረብ የሚያዙት የዛሬ ደረጃዎች ከእንዲህ ዓይነቱ ምልከታ ብዙ ተምረዋል።

አንዳንድ ደረጃዎች ከድንጋጌው ጎን ማብራሪያ ያትማሉ፤ ሥራው ቦታ ድረስ የሚዘልቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የስታፋውን ጫፍ 90 ዲግሪ ብቻ አጥፎ ለሚተው ፌሮ ሠራተኛ አሁን ደረጃውን አልጠቅስለትም። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የምሰሶው የውጭ ሽፋን ቀድሞ እንደሚረግፍ፣ ያን ጊዜ 90 ዲግሪ የታጠፈው ጫፍ የሚይዘው አጥቶ እንደሚከፈት፣ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ መሀሉ የገባው ግን እንደተቆለፈ እንደሚቆይ በቁራጭ ሽቦ አሳየዋለሁ።