ልቤ ሲደልቅ የሰማኝ አምላክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጭንቀት ሲባል ሐሳብ፣ ትካዜ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመስለኝ ነበር። የእኔ ግን በልቤና በእጆቼ መጣ። ከአራት ኪሎ ወደ ለገሃር በታክሲ ስሄድ፣ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር ሳይኖር፣ ልቤ በድንገት መደለቅ ጀመረ። ደረቴ ጠበበ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼን ጉንዳን የሚርመሰመስባቸው መሰለኝ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ። «ወራጅ» ለማለት አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣልኝም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው «ወራጅ አለ! አይዞሽ ልጄ» ብለው እጄን ይዘው አወረዱኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ይመላለስብኝ ጀመር። በባንክ ሰልፍ፣ በሊፍት፣ በቅዳሴ መካከል ሳይቀር ይመጣል። እያደር ከምንም በላይ የራሴን የልብ ትርታ የምፈራ ሆንኩ። ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ ዘመድ ደም ማነስ ነው አለ። እኔ ሌሊት ሌሊት «ጌታ ሆይ፣ ይህን ድለቃ ከደረቴ አውጣልኝ» እያልኩ አለቅስ ነበር። አንድ ሌሊት ዳዊት ስደግም መዝሙር 54 ላይ ቆምኩ። ልቡ በውስጡ እንደተናወጠ፣ ፍርሃትና መንቀጥቀጥ እንደመጣበት ንጉሡ ራሱ ይናገራል። ሕመሜ በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ እንዴት እንዳጽናናኝ!

የንስሐ አባቴን አማከርኩ። «ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂጂ» አሉኝና ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 አነበቡልኝ። እሳቸው ባይሉኝ አልሄድም ነበር፤ መታከምን እምነት እንደ ማጉደል የሚቆጥሩ ብዙዎች በዙሪያዬ ነበሩና።

ሐኪሟ ልቤን የልብን ምት በሚመዘግበው መሣሪያ (ኢሲጂ) አየችው፤ ደሜንና የእንቅርት ዕጢዬን አስመረመረች። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችኝ። ሰውነት አደጋ የመጣበት ሲመስለው ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ትንፋሽ ሲፈጥን ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትን የሚነዝረው፣ ከንፈርን የሚያደነዝዘው፣ ራስን የሚያዞረው ይኸው ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ጫፍ ይደርስና ከዚያ ቀስ በቀስ ይበርዳል። «ስትታገዪው ይብሳል፤ 4 ቆጥረሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ 6 ቆጥረሽ አስወጪ» አለችኝ።

መቁጠሪያዬን ያዝኩ። ትንፋሼን ሳስወጣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። በዚህ እርጋታ 41ዱን ስጨርስ 7 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ የሕመሙም ጉልበት የሚደክመው በዚያው ገደማ ነው። ይህን ያስተዋልኩ ዕለት ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ድለቃው ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ፍርሃቱን ግን ጌታ አንሥቶልኛል። እኔ ከለመንኩት ይህ ይበልጣል።

ደረቱን የሚያመው ሰው ግን «ጭንቀት ነው» ብሎ ሳይመረመር እንዳይቀር አደራ እላለሁ። እኔም ረጋ ብዬ መተንፈስ የቻልኩት ልቤ ጤነኛ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 23 የሰማዕቱ በዓል ሲከበር አራዳ ጊዮርጊስ ሄድኩ። በግፊያው መካከል ልቤ መደለቅ ጀመረ። ይደልቅ ብዬ ተውኩት፤ መቁጠሪያዬን ይዤ ታቦቱ ዞሮ እስኪገባ ድረስ ቆምኩ። ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ በእልልታ አስገባሁ። የቀረው ስለቴ ቸርነቱን ለሰው መናገር ነበር፤ እነሆ ተናገርኩ።