ምስክርነት፦ ጌታ ወንድሞቻችንን ከግሪዝሊ ድብ አስጣላቸው

የጌታ ስም የተባረከ ይሁን! በዚህ መከር ኤልክ ለተባለው ትልቅ አጋዘን አደን ወደ ዋዮሚንግ ተራሮች ወጥተው በሰላም ስለተመለሱ ወንድሞቻችን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ሲወጡ ጸልየንላቸው ነበር፤ ጸሎታችንም ድብ እንዳይገጥማቸው ነበር። እግዚአብሔር ግን ድብ ገጥሟቸው ሳለ አስጣላቸው። ግልገሎች ያሏት ግሪዝሊ ከቁጥቋጦ ወጥታ ተንደረደረችባቸው። ከፊት የነበረው ወንድም ለድብ መከላከያ የሚሆነውን የበርበሬ ስፕሬይ ከደረቱ መዝዞ ረጨባት፤ ደመናው ውስጥ እንደገባች ተመልሳ ግልገሎቿን ይዛ ሄደች። ከወንድሞች አንድም አልተነካም፣ እሷም አልሞተችም።

ከአንበሳና ከድብ እጅ የዳነው ዳዊት ወንጭፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ እረኛ ነበር። ነህምያም ጸለየ፣ ጠባቂም አቆመ። ከዴንቨርና ከሲያትል ብዙ ልጆቻችን ወደ የሎውስቶንና ወደ ግሌሸር ፓርኮች ስለሚወጡ፣ እግዚአብሔር በምን በምን እንደሚያስጥል መናገርም የምስክርነታችን አካል ነው።

መጀመሪያ ድቡን መለየት ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የመጨረሻው የታወቀ ግሪዝሊ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1979 ስለሆነ የዴንቨር ልጆች የሚያውቁት ጥቁር ድብን ነው። ግሪዝሊ ትከሻው ላይ እንደ በሬ ሻኛ የጎላ ጉብታ አለው፣ ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፣ የፊት እግሩ ጥፍሮችም ረጃጅም ናቸው። ቀለሙ ግን ያሳስታል፤ ቡናማ ጥቁር ድብም አለ። ግሪዝሊ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በ40 ሜትር ርቀት ላይ ተነሥቶ ቢመጣ ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች ይለካል።

ስፕሬይ ሲገዛ ለሰው መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ የበርበሬ ስፕሬይ አይሆንም። ለድብ ተብሎ በመንግሥት የተመዘገበ፣ ቢያንስ 225 ግራም የሚይዝ፣ ወደ 9 ሜትር የሚደርስ ይሁን። ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ስፕሬይ የለም ማለት ነው፤ ቦታው ደረት ወይም ወገብ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ። ድቡ ከ9 እስከ 18 ሜትር ሲቀርብ መቆለፊያውን ነቅሎ ትንሽ ዝቅ አድርጎ መርጨት ነው፤ ደመናው ራሱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ድቡም ሮጦ ይገባበታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከፍ አድርገው በመርጨት ነው፤ ያኔ በድቡ አናት ላይ ያልፋል። ጣሳው በጥቂት ሰከንዶች ስለሚያልቅ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየረጩ መቆጠብ ያስፈልጋል። ነፋስ ከፊት ከመጣ ጥቂቱ ወደ ረጪው ይመለሳል፣ ዓይንም ያቃጥላል፤ ቢሆንም መርጨት ይሻላል። ድንኳን ላይ ወይም ልብስ ላይ አይቀባም። የአገልግሎት ዘመኑ ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው፤ በበጋ ሙቀት መኪና ውስጥ ከተተወ ሊፈነዳ ይችላል፤ በአውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይገባም፣ ስለዚህ እዚያው ከደረሱ በኋላ ይገዛል።

መሣሪያ ይዣለሁና ስፕሬይ አያስፈልገኝም የሚሉ ወንድሞች አሉ። የድብ ተመራማሪዎቹ ቶም ስሚዝና ስቴቨን ሄሬሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአላስካን ገጠመኞች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳወጡት፣ ስፕሬይ በቡናማ ድብ ላይ ከ100 ጊዜ 92ቱን ሠርቷል፤ ስፕሬይ ይዘው በቅርብ ድብ ከገጠማቸው ሰዎችም 98 በመቶው አልተጎዱም። በ2012 መሣሪያን ሲመረምሩ ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ረጅም ጠመንጃ 76 በመቶ ድቡን አቁሟል፤ ነገር ግን በመጎዳት ረገድ በተኮሰና ባልተኮሰ ሰው መካከል ልዩነት አልተገኘም። ምክንያቱ አይከብድም። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ነው፣ ጥይት መጉረስ አለበት፣ ዒላማውም እየዘለለ የሚመጣ ጭንቅላት ነው። የድብ አንጎል ትንሽ ነው፣ የራስ ቅሉም ወፍራምና ተዳፋት ነው። የእኛ ፍርድ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ስፕሬይ፣ መሣሪያ ደግሞ በእርግጥ ለተለማመደበት ሰው።

የሚይዝ ሰው ታዲያ ዘልቆ የሚገባ ጥይት ይምረጥ። ከረጅሞቹ 12 ጌጅ ሾትጋን በድፍን እርሳስ (ፍንጣሪ እርሳስ ድቡን ያስቆጣዋል እንጂ አያቆመውም)፣ .338 ዊንቸስተር ማግነም፣ .375 ኤች ኤንድ ኤች፣ ወይም .45-70 ጥይት የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ይበቃሉ። .30-06 ያለው ክብደቱ 220 ግሬይን (14 ግራም ያህል) የሆነ ጥይት ይጠቀም። ከሽጉጥ .44 ማግነም ሪቮልቨር 6 ጥይት ይይዛል፣ ምቱ ግን እጅን ክፉኛ ስለሚረግጥ ሁለተኛው ተኩስ ይዘገያል። 10 ሚሊሜትር ግሎክ 20 ደግሞ 15 ጥይት ይይዛል፤ በግሪንላንድ ሲሪየስ የተባሉት የዴንማርክ ጦር ቃፊሮች ለበረዶ ድብ የሚይዙት እሱን ነው። ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው ጥይት ለሰው የተሠራ ነው፤ በስብና በጡንቻ ውስጥ ተዘርግቶ ይቀራል። ከባድ፣ ጠንካራና ጫፈ ጠፍጣፋ እርሳስ ይፈለግ። ይህ ጥይት አንዳንድ ሽጉጥ ውስጥ ስለሚሰናከል፣ ከመውጣት በፊት በዚያው ሽጉጥ ደጋግሞ መተኮስ ግድ ነው። ሌላም አለ፦ አውቶማቲክ ሽጉጥ አፈሙዙ ድቡ ላይ ከተደገፈ ወደ ኋላ ተገፍቶ አይተኩስም፤ ሪቮልቨር ይተኩሳል። አፎቱ ደረት ላይ ይሁን፤ ወገብ ላይ ከሆነ የቦርሳው ቀበቶ ይሸፍነዋል። የማስጠንቀቂያ ተኩስም ጊዜና ጥይት ይበላል።

ሕጉን ደግሞ እንወቅ። ከአላስካ ውጭ ባሉት የአሜሪካ ግዛቶች ግሪዝሊ ከ1975 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ሕይወትን ለማዳን ካልሆነ መግደል ወንጀል ነው። የገደለም በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ከ2010 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የግዛቱን ሕግ ጠብቆ መሣሪያ መያዝ ተፈቅዷል፤ የሎውስቶን ውስጥ መተኮስ ግን ክልክል ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ፦ የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጥቂት ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር፣ የጓደኛን ሽጉጥ መያዝ እንኳ የፌዴራል ወንጀል ነው። ስፕሬይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ከሁሉ የሚሻለው አለመጋጠም ነው። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ መሄድ፣ ወንዝ አጠገብና ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማውራት ወይም መዝሙር መዘመር፣ ቁራዎች ሲሰበሰቡ ወይም የበድን ሽታ ሲመጣ መመለስ። ከታየ 91 ሜትር መራቅ የፓርኩ ደንብ ነው። ማብሰያ ቦታ ከድንኳን 90 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት ሁሉ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከግንዱ 1.2 ሜትር ርቆ ይሰቀል። ጾም ላይ ያለ ሰው የሚይዘው ቆሎና በሶም ይሸታል። አዳኞች የገደሉትን እንስሳ ቶሎ ቆራርጠው ከቦታው ያውጡ፤ በመከር ድቡ ለክረምት እንቅልፉ ቀን ከሌሊት ይበላል።

ድብ ሲመጣ መሮጥ የለም። ግሪዝሊ ከነካ ቦርሳን ሳያወልቁ በሆድ ተኝቶ፣ እጆችን ማጅራት ላይ አቆላልፎ፣ እግርን ከፍቶ ዝም ማለት ነው፤ ርቆ እስኪሄድ መንቀሳቀስ አይገባም። በሌሊት ድንኳን ውስጥ ከገባ ግን ያ ለመብላት የመጣ ነውና በእጅ ባለው ሁሉ መታገል ነው።

በሚቀጥለው ወቅት የምትወጡ አስቀድማችሁ አሳውቁን። ስማችሁን ለጸሎት እንይዛለን፣ በርበሬ የሌለበት የመለማመጃ ጣሳም እናውሳችኋለን።