የመግባቢያ ሰነዱን ረቂቅ ቀድሞ የሚጽፈው ማን ነው?

በዩኒቨርሲቲያችን የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት ሥራ ስጀምር ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ነገር ባለፉት ዓመታት ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈረሙትን የመግባቢያ ሰነዶች ከቁም ሣጥን አውጥቶ አንድ በአንድ ማንበብ ነበር። አብዛኞቹ የተለያየ አገር ማኅተም ይኑርባቸው እንጂ ቃላቸው ተመሳሳይ ነው። የመምህራንና የተማሪዎች ልውውጥ ይደረጋል፣ የጋራ ምርምር ይካሄዳል፣ የእውቀት ሽግግር ይኖራል ይላሉ። ማን፣ መቼ፣ በማን ወጪ እንደሚሄድ ግን አይናገሩም። ከእነዚህ ሰነዶች መካከል የአምስት ዓመት ዘመናቸው አንድም ሰው ሳይጓዝባቸው፣ አንድም ደብዳቤ ሳይጻፍባቸው ያለቀ ብዙ ናቸው።

ቆይቶ ግልጽ የሆነልኝ ምክንያት ረቂቁ ሁልጊዜ ከወዲያ በኩል ተጽፎ የሚመጣ መሆኑ ነው። የእኛ ድርሻ ቃላት ማስተካከል፣ ለፕሬዝዳንቱ ማስፈረምና ማኅተም ማሳረፍ ነበር። ረቂቁን ያዘጋጀ ወገን ስለምን እንደምንነጋገር አስቀድሞ ወስኖ ይመጣል፤ በረቂቁ ውስጥ ያልተነሣ የትምህርት ክፍል ችግር ደግሞ በድርድሩ ላይ የሚነሣበት ዕድል በጣም ጠባብ ነው።

በተቃራኒው የተሠራውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው በአእምሮ ሕክምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። ለስፔሻሊስትነት ትምህርት ወደ ውጭ የሚላኩ ሐኪሞች ብዙዎቹ ስለማይመለሱ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻላይዜሽን ትምህርቱን እዚሁ ለመክፈት ወሰነ። ከዚህ ወገን እንደ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ያሉ ምሁራን፣ ከቶሮንቶ ወገን ደግሞ ዶክተር ክሌር ፔይን የመሩት ሥራ የተመሠረተው በዚህ ግልጽ ጥያቄ ላይ ነው፤ የሚያስተምሩልን መምህራን ስለሚያንሱን እናንተ መጥታችሁ አስተምሩ፣ ተማሪው ግን ከዚህ አይወጣም፣ ዲግሪውንም የምንሰጠው እኛ ነን የሚል ነበር። በዚህ መሠረት ከቶሮንቶ የሚመጣው ቡድን፣ በአብዛኛው ሁለት መምህራንና አንድ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በመሠልጠን ላይ ያለ ሐኪም)፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጣ ያስተምር ጀመር። የሚሰጠውን ኮርስ የሚመርጠው የአዲስ አበባው የትምህርት ክፍል ነበር።

ይህ አደረጃጀት ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ በሌላ መንገድ ቢጻፍ ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። ሬዚደንቶቹ ለሦስት ዓመት ወደ ቶሮንቶ ይሂዱ ቢባል ኖሮ፣ ትብብሩ የሐኪሞችን ፍልሰት የሚያግዝ መንገድ ይሆን ነበር። ቶሮንቶ ዲግሪውን ይስጥ ቢባልም፣ የአገር ውስጡ ትምህርት ክፍል ራሱን የመቻል ጫናም ሆነ ኩራት አይኖረውም ነበር። ትብብሩ እ.ኤ.አ. በ2008 ሰፍቶ ከአእምሮ ሕክምና ውጭ ወዳሉ ዘርፎች፣ በኋላም ወደ ድንገተኛ ሕክምናና ወደ ቤተሰብ ሕክምና ሲሄድ ይህንኑ ቅርጽ ይዞ መሄዱ ቅርጹ ትክክል እንደነበር ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ከተመራቂዎቹም መካከል ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደው የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል ያደራጁ አሉ።

ከዚህ የቀደመው ትልቁ ምሳሌያችን ግን ያልሁትን በከፊል የሚቃወም ስለሆነ ልዘለው አልችልም። በአሜሪካ የኦክላሆማው የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያን ከጎበኙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በተፈረመው ውል መሠረት የእርሻ ትምህርት መጀመሪያ በጅማ፣ ቀጥሎም በዓለማያ (በዛሬው ሐረማያ) ኮሌጅ ተሰጠ። ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎትን በአንድነት የሚይዘው የአሜሪካኖቹ የአሠራር ንድፍ እንዳለ ነበር የመጣው፤ ስለዚህ ረቂቁ የእኛ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም ኢትዮጵያውያን ወደ አሜሪካ ለትምህርት እየተላኩ ተመልሰው የአሜሪካኖቹን ቦታ እንዲረከቡ ይደረግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ውሉ ሲያበቃም የዓለማያው ኮሌጅ ቆሞ ቀጠለ። ከዚህ የወሰድሁት ትምህርት፣ ረቂቁ ከሌላ ቢመጣ እንኳ ርክክቡ እንዴትና በማን እንደሚፈጸም በግልጽ የተጻፈበት ስምምነት ዕድሜ እንዳለው ነው።

በጥቅሉ የተጻፈው የመግባቢያ ሰነድ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ በሩን የሚከፍት ወረቀት ነው። ጥፋቱ ከእርሱ ቀጥሎ ዝርዝር የአፈጻጸም ስምምነት ሳይፈረም መቅረቱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ስለ ናሙናና ስለ መረጃ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። ከዚህ የሚወሰድ የደም ናሙና ወይም የዘር ዝርያ የት ይቀመጣል፣ ለሁለተኛ ምርምር ለመጠቀም የማን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በሚወጣው ጽሑፍ ላይ የእኛ ተመራማሪዎች ስም በምን መለኪያ ይገባል የሚሉት ጥያቄዎች ከመፈረም በፊት መመለስ አለባቸው። በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተደረገ ባይሆንም የጤፍ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ በኋላ ከሰረ፤ መብቱ በኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገውም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስምምነቱ አገራችንን አልጠበቃትም።

የዘመን አቆጣጠር ደግሞ ጥቃቅን የሚመስል፣ ነገር ግን ሥራ የሚያቆም ጉዳይ ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር የብዙዎቹ አጋሮቻችን የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው። በአንድ ፕሮጀክት ላይ አጋራችን የመሣሪያ ግዢው በዓመቱ መጨረሻ ተጠናቆ ደረሰኙ እንዲላክለት የጠየቀ ጊዜ፣ እኛ ዓመቱን በሰኔ እንደሚያበቃ፣ እነርሱ ደግሞ በዲሴምበር እንደሚያበቃ ቆጥረን ነበር። የመንግሥት ግዢ ሥርዓት ከጨረታ ማስታወቂያ እስከ ርክክብ የሚፈጀው ጊዜ ሲጨመርበት የገንዘቡ ዘመን አለፈና ቀሪው ተመላሽ ሆነ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በስምምነቱ ውስጥ ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፈው ቢሆን ኖሮ ያ ማይክሮስኮፕ ዛሬ ተማሪዎች ፊት ይቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጽሕፈት ቤታችን የሚዘጋጅ ማንኛውም ስምምነት ቀኖችን በሁለቱም አቆጣጠር ይይዛል።

አሁን ከውጭ ረቂቅ ሲመጣ ወደ ፕሬዝዳንቱ ቢሮ ከመውሰዴ በፊት የሚመለከተው የትምህርት ክፍል የሚፈልገውን በሁለት ገጽ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ። በቅርቡ ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የተለመደው የልውውጥ ረቂቅ ሲደርሰን፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ የጻፈችው ስለ ፕሮፌሰሮች ልውውጥ አልነበረም። ተበላሽተው የቆሙ መሣሪያዎችን የሚጠግኑ ሦስት የላብራቶሪ ቴክኒሻኖች እዚሁ እንዲሠለጥኑላት ጠየቀች። ጽሑፏን እንዳለ ላክሁት። በሳምንቱ የመጣው መልስ ከዚያ በፊት ከደረሱን ሁሉ አጭሩ ነበር፤ የመሣሪያዎቹን ዓይነት፣ ሞዴልና የተገዙበትን ዓመት ዘርዝራችሁ ላኩልን ይላል። ያ ዝርዝር በአባሪነት ተያይዞ አሁን በሕግ ክፍላችን እየታየ ነው።